«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቀብር እንዴት ይፈጸማል

አጎቴ ያረፉት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲል እኔና ወንድሜ የደብሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆመናል። ጸሐፊው መዝገባቸውን ገለጡ። «ነፍሳቸውን ይማር። የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉን።

ተያየን። ዕድሜያችንን ሙሉ «ጋሼ» ያልናቸውን ሰው የክርስትና ስም አናውቅም። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው ጋ ደወልን። እያለቀሰች «እኔም አላውቀውም» አለች። የሚያውቁት ደብረ ብርሃን ያሉት አክስታችን ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ገና አልተረዱም። መርዶ ሰው ተልኮ፣ በማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ነው። እኛ በስልክ ነገርናቸው፤ ልቅሷቸው ጋብ ሲል ስሙን ጠየቅናቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሐዘን የገጠመው ወዳጅ ሁሉ ይደውልልኛል። ምን ይዤ ልሂድ? ማንን ላስቀድም? ስንት ይጠይቁኛል? እዚህ የሰበሰብኩት ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው። የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ምሳሌዎቹም አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ናቸው፤ ገጠሩና ሌላው ከተማ የራሱ ልማድ አለው።

ቀብር የማን ሥራ ነው?

ሐዘንተኛውን ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባው ይኼ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ቦታ የሚያልቅ ይመስለዋል። አያልቅም። ቀብር እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጸሎቱና መቃብሩ የሱ ነው። ሁለተኛው እድር ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሰዉና ገንዘቡ ከዚያ ይመጣል። ሦስተኛው ወረዳው ነው፤ ሞቱን መዝግቦ ማስረጃ ይሰጣል። አንዱ ሌላውን አይተካም። እድር ፍትሐት አያስደርግም። ቤተ ክርስቲያን የሞት የምስክር ወረቀት አይሰጥም።

ስለዚህ ሌሊት ሰው ቢያርፍ፣ ሲነጋ ሁለት ሰው ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሰው የእድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ቤት ይሂድ። ወረዳው ቀናት ቢቆይም ይደርሳል። ከልቅሶው መካከል ወጥቶ ይህን የሚያደርግ፣ ልቡ ትንሽ የጠና ሰው ያስፈልጋል። የቅርብ ልጅ ባይሆን ይመረጣል። አማች ወይም የልብ ጓደኛ ቢሆን ጥሩ ነው።

ፍትሐት ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ፍትሐትን «የቀብር ጸሎት» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ ግን ከግዕዙ «ፈትሐ» የመጣ ነው፤ ፈታ ማለት ነው። ሰው በሕይወቱ በኃጢአት ይታሠራል፤ ንስሐ ሲገባ ካህኑ ይፈታዋል። ፍትሐት የዚያ ፍቺ የመጨረሻው ክፍል ነው። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ በምድር የምትፈቱት በሰማይ የተፈታ ይሆናል ያለውን ይዛ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትጸልየው። ጭነት የያዘ ገመድ አስቡ። ተሸካሚው መንገዱን ጨርሶ ደርሷል፤ በላዩ የቀረውን ቋጠሮ ሌላ ሰው ይፈታለታል።

የጸሎቱ መጽሐፍ መጽሐፈ ግንዘት ይባላል። «ገነዘ» ማለት አስከሬን መጠቅለል፣ ማዘጋጀት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጸሎቱ እንደ ሟቹ ይለያያል፤ ለካህን፣ ለመነኩሴ፣ ለምእመን፣ ለሕፃን የተመደበ አለው። ጽሕፈት ቤቱ የሟቹን ዕድሜና ማዕርግ የሚጠይቀውም በከፊል ለዚህ ነው።

አሁን የክርስትና ስም ለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ይሆናል። ካህኑ በጸሎቱ መካከል ሟቹን በስም ይጠራል። የሚጠራው በመታወቂያ ላይ ባለው ስም አይደለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ የተሰየሙበት ስም ነው፤ ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባለው። ያ ስም ከዚያ ቀን በኋላ እምብዛም አይነሣም። በቁርባን፣ በሠርግ፣ በሕመም ጊዜ ጸሎት ላይ ይነሣል። ከዚያ በቀብር።

ጽሕፈት ቤቱ ምን ይጠይቃል?

መጀመሪያ የንስሐ አባትን ይጠይቃል። የንስሐ አባት ማለት ሟቹ ኃጢአቱን የሚናዘዝለት፣ ቤቱን የሚያውቅ፣ ጠበል የሚረጭለት ካህን ነው። ሟቹ ክርስቲያን ሆኖ እንደኖረ ምስክር የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ ሰው እንዳረፈ፣ አንዳንዴም ሊያርፍ ሲል፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ያለውን ጉዳይ ራሱ ይጨርስላችኋል። የንስሐ አባት ያለው ቤተሰብ ከግማሽ በላይ ሸክሙ ይቀልለታል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው የሰበካ ጉባኤ አባልነት ነው። ሰበካ ጉባኤ ካህናትና ምእመናን በአንድነት አጥቢያውን የሚያስተዳድሩበት ጉባኤ ነው። መሠረቱ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ነው። እያንዳንዱ ምእመን በሚኖርበት አካባቢ ባለው ቤተ ክርስቲያን ይመዘገባል፤ መዋጮ ይከፍላል፤ ካርድ ወይም ደብተር ይይዛል። ያ ካርድ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ በቀብር ቀን ነው። ውዝፍ ካለ እዚያው ይከፈላል። ጨርሶ ያልተመዘገበ ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ይጎተታል፤ የንስሐ አባቱ ምስክርነት ነው የሚያድነው።

በዚህ ላይ ሰዎች ይቆጣሉ። «ሬሳ አስቀምጠን ደረሰኝ ይቆርጡብናል» የሚሉ ሰምቻለሁ። ንዴቱ ይገባኛል፤ እኔም በዚያ ጠዋት ተሰምቶኝ ነበር። ሆኖም ካርዱ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አጥቢያው ይህ ሰው የእኔ ነው፣ አውቀዋለሁ የሚልበት መዝገብ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ሰፍታ ካህኑ ሰዉን ሁሉ በመልክ ሊያውቅ አይችልም።

ከዚህ ሌላ የሟቹ መታወቂያ፣ ሆስፒታል ያረፈ ከሆነ የሆስፒታሉ ወረቀት፣ አንዳንድ ቦታ የእድሩ ደብዳቤ ይጠየቃል። ሟቹ ከሚኖርበት አጥቢያ ውጭ የሚቀበር ከሆነ፣ ለምሳሌ ወላጆቹ ባረፉበት ደብር፣ ከራሱ አጥቢያ መሸኛ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ሬሳውን ይዞ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ ፍለጋ መሮጥ ይመጣል።

አሟሟቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ የመኪና አደጋ ወይም ጥርጣሬ ያለበት ሞት ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ፖሊስ ይገባበታል። የአስከሬን ምርመራ ተደርጎ ወረቀቱ ሳይሰጥ አይቀበርም። በዚህ ጊዜ ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ ለሰው መንገር አይገባም።

ሰዓቱን የሚቆርጠው ማን ነው?

ቤተ ክርስቲያኑ። ቤተሰቡ አይደለም፣ እድሩም አይደለም። በአንድ ደብር በአንድ ቀን ሦስት አራት ቀብር ሊኖር ይችላል፤ ካህናቱና መቃብር ቆፋሪዎቹ ተራ ይይዙላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀብር ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ይሆናል። በዓቢይ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባ ሰዓቱ ይለወጣል።

ልማዳችን በዕለቱ ወይም በማግስቱ መቅበር ነው። የሩቅ ዘመድ ይጠበቅ ከተባለ አስከሬኑ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ ይህ በቀን ይታሰባል።

አንድ ነገር አደራ። ሰዓቱ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አትልቀቁት። እኛ ቸኩለን «ሰባት ሰዓት» ብለን ለጠፍን። የተሰጠን ግን ዘጠኝ ነበር። ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሙ።

አስከሬኑን ማን ይገንዛል?

ሆስፒታል ያረፈ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው አጥበው ገንዘው የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ቤት ያረፈ ከሆነ ዘመድ ወይም ሙያውን የሚያውቁ የሠፈር ሰዎች ያጥቡታል፤ ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች። ከታጠበ በኋላ እጅና እግሩ ተስተካክሎ ይታሠርና በነጭ አቡጀዲ ይጠቀለላል። በገጠር በሰሌን ይጠቀለል ነበር፤ አሁንም የሚጠቀለልበት አለ። ከተማ ላይ ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ስለ ሣጥኑ አንድ ነገር ልበል። ሥርዓቱ ውድ ሣጥን አይጠይቅም። ሣጥን ሻጭ ቤት ስትገቡ ልባችሁ የተሰበረ ነው፤ ርካሹን መግዛት ሟቹን ማቃለል ይመስላችኋል። አይደለም። ጸሎቱ ለአቡጀዲውም ለሣጥኑም አንድ ነው። ልጆች ላለው ቤት ያ ገንዘብ ብዙ ይሠራል።

ቤተ ክርስቲያን ሲደረስ ምን ይሆናል?

ጸሎቱ የሚጀምረው ከቤት ነው። መጽሐፈ ግንዘት ከቤት እስከ መቃብር ሰባት ቦታ እየቆሙ መጸለይን ያዛል። ገጠር ውስጥ ይህ አሁንም ይታያል፤ ቃሬዛው ወርዶ ይጸለያል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ከተማ ላይ መኪናውና ሰዓቱ ስለማይፈቅድ አጥሮ አብዛኛው ግቢ ውስጥ ይፈጸማል።

ግቢው ሲደረስ አስከሬኑ በቤተ ክርስቲያኑ አንጻር ይቀመጣል። ካህናቱ ጥና ይዘው ያጥናሉ፤ መዝሙረ ዳዊት፣ የሐዋርያው የጳውሎስ መልእክት፣ ወንጌል ይነበባል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው፣ ሐዘናችሁ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አይሁን የሚለው እዚህ ነው ቦታው። አብዛኛው በግዕዝ ስለሆነ የማይከታተል ይበዛል። ወሬ የሚያወራም አለ። እባካችሁ በዚህች ሰዓት ዝም እንበል፤ ስሙ የሚጠራው እዚህ ነው።

ከዚያ አጭር ትምህርት ይሰጣል፤ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የሕይወት ታሪኩ የሥርዓቱ ክፍል አይደለም፤ ልማድ ነው። ስለዚህ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ካህናቱም ቀጣዩ ሐዘንተኛም ይጠብቃሉ። ልደቱን፣ ትዳሩን፣ ሥራውን፣ ልጆቹን ካላችሁ ይበቃል። ከመቃብሩ አፍ ጸሎት ተደርጎ አፈር ይመለሳል። ቤተሰቡ ተሰልፎ ይቆማል፤ ሰዉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያለ ያልፋል።

የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ነው ያየችው። ወንድሜ ቪዲዮውን ይዞ ቆሞ ነበር። ካህኑ «ወልደ ሰንበት» ሲሉ፣ የአባቷን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች።

መቃብሩስ የት ነው? ምን ያህል ያስወጣል?

ሁሉም ደብር አንድ ዋጋ የለውም። ቦታው፣ መቃብሩ፣ ሣጥኑ የሚገባበት ዓይነት ይለየዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግቢያቸው ሞልቷል። በዚህ የተነሣ ፉካ የሚባለው መቃብር ተለምዷል፤ በግድግዳ ላይ እንደ መደርደሪያ ተደራርበው የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። ፉካ ለዘለዓለም የሚሰጥ አይደለም። የተወሰነ ዓመት ሲሞላ አፅሙ ተነሥቶ ወደ አፅም ማኖሪያ ይገባል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ቆይቶ ሙት ዓመት ሊያወጣ ሲመጣ የሌላ ሰው ስም ሲያገኝ ይደነግጣል።

ስለዚህ ስትከፍሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቦታው ለስንት ዓመት ነው? ሐውልት ማቆም ይፈቀዳል ወይ፣ ለብቻው ይከፈላል ወይ? ክፍያው የቆፋሪውንም ይጨምራል? የከፈላችሁትን ሁሉ በደረሰኝ ያዙ። አቅም የሌለው ቤተሰብ ደግሞ አይፈር፤ ለአስተዳዳሪው ወይም ለንስሐ አባቱ ይንገር። ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ የሚቀብሩ አሉ።

ፍትሐት የማይደረግበት ጊዜ አለ?

አለ። በሰሙነ ሕማማት፣ ከሆሣዕና ማግስት ጀምሮ፣ ፍትሐት አይደረግም። ሳምንቱ የጌታ ሕማም የሚታሰብበት ነው። ለዚህም ቤተ ክርስቲያን መላ አላት፤ በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ጸሎተ ፍትሐት ለሕዝቡ ሁሉ አስቀድሞ ይደረጋል። በዚያ ሳምንት የሚያርፍ ሰው እንደተፈታ ይቆጠራል፤ በዝምታ ይቀበራል። በሆሣዕና ዘንባባችንን ይዘን ወደ ቤት የምንጣደፍ ሰዎች የራሳችንን ፍትሐት ጥለን ነው የምንሄደው።

ያልተጠመቀ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ራሱን ላጠፋ ሰውም በተለመደው ሥርዓት አይደረግም። ይህ ለቤተሰብ ከሐዘን ላይ ሐዘን ነው። ሆኖም ሟቹ በአእምሮ ሕመም ሲሠቃይ የኖረ ከሆነ ለንስሐ አባቱና ለአስተዳዳሪው በግልጽ ንገሩ፤ የሕክምና ወረቀት ካለም አሳዩ። ነገሩን መርምረው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። መደበቅ አይረዳም።

እድሩ ምን ይሸፍናል?

ዜናው ሲደርሰው እድሩ ጥሩንባ ያስነፋል ወይም በስልክ መልእክት ይልካል። ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሳህን ይመጣል። በደንቡ መሠረት ገንዘብ ይሰጣል። የሠፈር እድር ብዙ ጊዜ ሃይማኖት አይመርጥም፤ በአንድ ድንኳን ሥር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጦ ያድራል። ከዚህች አገር ነገሮች ሁሉ የምኮራበት አንዱ ይኼ ነው።

ችግሩ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። እድር የሚከፍለው በመዝገብ ላስመዘገባችሁት ሰው ነው። አግብታችሁ የባለቤታችሁን ወላጆች ካላስመዘገባችሁ ለእነሱ አይከፍልም። የወር ክፍያ የተጠራቀመባችሁ ከሆነም እንደ ደንቡ ይያዝባችኋል።

ወረዳውስ?

የሞት ምዝገባ ግዴታ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የሟቹን መታወቂያና የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ይዛችሁ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ። ይህ ወረቀት ለወራሽነት፣ ለጡረታ፣ ለባንክ ይጠየቃል። አርባው ይለፍና እንሄዳለን የሚል ሰው ቀኑን ያሳልፋል።

ከውጭ አገር የሚመጣ አስከሬን ከሆነ ወረቀቱ ይበዛል። ያረፈበት አገር የሞት ማስረጃ፣ አስከሬኑ በመድኃኒት መዘጋጀቱን የሚገልጽ ወረቀት፣ ፓስፖርቱና የኤምባሲው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከዓረብ አገር ሲሆን የአሠሪና የፖሊስ ጉዳይ ስለሚጨመር ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አብያተ ክርስቲያናታችን ብዙ ጊዜ እዚያው ጸሎት አድርሰው ይሸኛሉ፤ ያን መሸኛ ይዛችሁ ብትመጡ አዲስ አበባ ላይ ይቀላል።

ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ተዝካር… ሁሉም ግዴታ ነው?

ከቀብር ሲመለስ ሰዉ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ይቀምሳል። ጎረቤትና ወዳጅ እዝን ያመጣል፤ ሐዘንተኛ ቤት እሳት እንዳያነድ ነው። ይህ ሁሉ የፍቅር ልማድ ነው።

የጸሎቱ ቀናት ግን ሌላ ናቸው። 3ኛው፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛው፣ 80ኛው ቀን፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ጸሎት የሚደረግባቸው ናቸው። ሦስተኛው ከጌታ ትንሣኤ፣ አርባኛው ከዕርገቱ ጋር ይያያዛል። እስራኤልም ሙሴን 30 ቀን አልቅሰውለታል። አርባና ሰማንያን ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ሰው ስሙን የሚቀበለው በእነዚህ ቀኖች ነው፤ ከሞተ በኋላም ስሙ የሚጠራው በእነዚሁ ቀኖች ነው።

ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ቀናት የምትፈልገው ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ድንኳን ጥሎ፣ በሬ ጥሎ መደገስን አታዝም። ተበድሮ ተዝካር ያወጣ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ዕዳውን ሁለት ዓመት ከፈሉት። የአጎቴን አርባ እኛ እንዲህ አደረግን። ለካህናቱ ስማቸውን በወረቀት ጽፈን ሰጠን፤ ቅዳሴ አስቀደስን፤ እንጀራና ወጥ ይዘን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ላሉ ነዳያን አበላን። ለዚህ ጥቂት መቶ ሰው አልጠራንም። ማንም አላማንም፤ ቢያማንም ምንም አልነበረም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እናቴ ቡና አፈላችና ሁላችንንም አስቀመጠችን። የሒሳብ ደብተር አምጥታ የእያንዳንዳችንን የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባታችንን ስልክ፣ የሰበካ ጉባኤ ካርዱ ያለበትን መሳቢያ ጻፈች። የእኔን አውቀዋለሁ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ አያት፤ የራሱን አያውቅም ነበር። «ገብረ ሥላሴ» አለችው እናቴ፤ «40 ቀንህ ሐምሌ ሥላሴ ላይ ውሎ።» ወንድሜ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ራሱ ጻፈው።